ከችግኙ በፊት ምድጃችንን እንይ
(ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ለችግኝ ተከላ የተያዘውን ገንዘብ በምን ብናውለው እንደሚሻል ሐሳብ ይዘን ቀርበናል። የሒሳብ ሥራ ላይ ያለን እንደመሆናችን ነገሩን የምናየው በገቢና በወጪ ነው።

ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚገኙ አንድ ሚሊዮን ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ትልቁ ድርሻ የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ነው፤ የእኛ ጓዳ ድርሻ ትንሽ ነው። ነገር ግን ደን ሲራቆት እንጨት ፍለጋ የምንርቀውም፣ ጭሱን የምንውጠውም እኛው ነን።

ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨምር ከአንድ ቶን እንጨት 1.8 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ካደገ ያንኑ ከአየር ይሰበስባል፤ ሒሳቡም ይዘጋል። የሚቆረጠው ከሚያድገው ከበለጠ ግን ጉድለት ነው። ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ወጪ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ እንጨት ግን ይቆጥባል። ምርት ምድጃ የምጣዱን ሥር ዙሪያውን ስለሚከልል እሳቱ አይባክንም፤ በደንብ ከተገጠመ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያተርፋል። ትርፉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው እንጀራ ነው። ችግኝ ግን ብዙ ካርቦን ለመያዝ ዓመታት ይፈልጋል፤ ያውም ከጸደቀ።

መትከል ይቅር አንልም። በወላይታ ሁምቦ የተሠራውን እንመልከት። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ያገገመው በአብዛኛው ሥራቸው ካልሞተ ጉቶዎች የወጣውን ቀንበጥ በመምረጥ፣ በመግረዝና ከከብት በመጠበቅ ነው። ሥራውን የያዙት በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ገበሬዎች ናቸው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል፤ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይሰበስባል ተብሎ ታስቧል። ከካርቦን ሽያጭ የተገኘው ገቢ የተከፈለው ተለክቶ ለተረጋገጠ ዕድገት ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የገንዘቡ ግማሽ ለምድጃ መግዣ ተዘዋዋሪ ብድር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቀሪው ለጥቂት ችግኝ፣ ግን ለአጥርና ለውኃ ጭምር ይዋል።

ሦስተኛ፣ የተተከለው ከዓመት በኋላ ይቆጠር፤ በሪፖርታችን የሚገባውም የጸደቀው ብቻ ይሁን።

ደጋፊዎቻችንም «ስንት ተከላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ጸደቀ?» ብላችሁ ጠይቁን። መልሱን በመዝገብ ይዘን እንጠብቃችኋለን።