ለጓሮ አትክልት ወዳጅ ምን ይሰጡታል?

(በራዲዮ ከተነገረው)



በአገራችን ልማድ ሰው ወደ ወዳጁ ቤት ባዶ እጁን አይሄድም። ለታመመ ብርቱካንና ሙዝ፣ ለወለደች የገንፎ ዱቄትና ቅቤ፣ አዲስ ቤት ለገባም የቤት ዕቃ ይዞ መሄድ የቆየ ደንብ ነው። ነገር ግን ጓሮውን ቆፍሮ ጎመንና ቆስጣ፣ ካሮትና ሽንኩርት የሚተክል ወዳጅ ያለን እንደ ሆነ ምን እንስጠው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ስጦታ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲዝግ፣ ከዚህም የባሰው የተቀባዩን የአንድ ወቅት ድካም ከንቱ ሲያደርግ ስለሚታይ፣ ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት መናገር አስፈላጊ መስሎ ታይቶናል።

አትክልተኛ ከሌላው ሰው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ስጦታውን የሚቀበለው እርሱ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ጭምር መሆኑ ነው። ለመሬቱ፣ ለአየሩና ለወቅቱ የማይስማማውን ነገር ወዳጅነት ሊያበቅለው አይችልም። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ወደ ጓሮው መሄድ ይገባል። ማለዳ ውኃ በሚያጠጣበት ሰዓት ሄዳችሁ ጥቂት ቆማችሁ ተመልከቱ። ውኃውን በምን ያመላልሳል? ሲኮተኩት ቆይቶ ቀና ሲል ወገቡን ይይዛልን? አፈሩ ዝናብ ሲያገኝ ይጨቀያልን? ፀሐይ ሲመታውስ ይሰነጠቃልን? መጠየቅም ነውር አይደለም። ነገር ግን የአገራችን ሰው፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፋ እንደ ሆነ፣ «ኧረ ምንም አልፈልግ፤ እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑልኝ» ብሎ ስለሚመልስ፣ ከአፉ ይልቅ ጓሮው የበለጠ ይናገራል።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ዘር እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆች፣ ጡረታ የወጣ አባታቸው ወይም እናታቸው በጓሮ አትክልት መደሰታቸውን ሲሰሙ፣ ያማረ ሥዕል ባለበት ወረቀት የታሸገ ዘር በሻንጣቸው ይዘው ይመጣሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ሽንኩርትን ለምሳሌ እንውሰድ። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት እየለካ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚዘራው የሽንኩርት ዓይነት የቀኑ ብርሃን 14 እስከ 16 ሰዓት ያህል እስኪረዝም ድረስ ራስ ለመቋጠር አይነሣም። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ ያ ዘር በእኛ አገር ሲዘራ ቅጠሉ ለምለም ይሆናል፤ ጎረቤትም ያደንቀዋል፤ ሲነቀል ግን ራሱ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች የቀጠነ ሆኖ ይገኛል። ከመደቡ እስከ መከሩ ድረስ ስድስት ወር ያህል ውኃ ተመላልሶለት! ለሰባ ዓመት ሰው አንድ በጋ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ዘርና ችግኝ ከውጭ አገር ለማስገባት ፈቃድና የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ሰውን ለማጉላላት የወጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። የቲማቲምን ቅጠልና ፍሬ እየቦረቦረች የምታጠፋው ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት መሰል ተባይ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ናት። በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስፔን ገባች፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአፍሪካን አገሮች እያዳረሰች ወደ ኢትዮጵያም ደረሰች። ከአገር ወደ አገር ያሻገራት የሰው ንግድና ጉዞ ነው።

እንግዲህ ዘር መስጠት የወደደ ሰው ከዚሁ ከአገር ይፈልግ። የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለአገራችን የአየር ጠባይ የሚስማሙ ብዙ ዓይነቶችን አውጥቷል፤ ከሽንኩርት አዳማ ቀይና ቦምቤይ ቀይ፣ ከቲማቲም መልካሾላና መልካሳልሳ፣ ከበርበሬም ማረቆ ፋና ይገኛሉ። እነዚህ ሽንኩርቶች በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ናቸው። ሆኖም እዚህም ላይ ማስተዋል ያሻል። ቲማቲምና በርበሬ ሙቀት ይወዳሉ፤ ወዳጃችሁ በደጋ የሚኖር፣ በኅዳርና በታኅሣሥም ውርጭ የሚጎበኘው እንደ ሆነ፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ብትሰጡት ይሻላል። የታሸገበትንም ጊዜ ሳታዩ አትግዙ። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል፤ የቲማቲም ዘር ግን በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጠ እንደ ሆነ አራት ዓመት ያህል ሊቆይ ይችላል። የተዳቀለ ዘር መሆኑ በእሽጉ ላይ ከተጻፈም ለወዳጃችሁ ንገሩት፤ ከእርሱ ለቅሞ የሚያስቀምጠው ዘር እናቱን አይመስልምና። በበኩላችን ግን አንዲት ጎረቤት ከጓሮዋ ለቅማ በወረቀት ጠቅልላ የምትሰጠው የሐበሻ ጎመን ዘር ከሁሉ ይበልጥብናል።

ከዘር ቀጥሎ ውኃ ነው። እንዲያውም በበጋ ወራት ከዘርም ይቀድማል። አሥር ካሬ ሜትር የሆነች ጓሮ ደረቅ በሆነው ወቅት በቀን 40 ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ሁለት ጄሪካን መሆኑ ነው። አንድ ጄሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን በየቀኑ የሚሸከም ሽማግሌ ወይም አሮጊት በጓሮው ተስፋ የሚቆርጠው ጎመኑን ስለ ጠላ ሳይሆን ክንዱ ስለ ደከመ ነው። እንግዲህ በወንፊት አፍ ያለው፣ ሞልቶ ሲነሣ ከአሥር ሊትር የማይበልጥ የውኃ ማጠጫ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ወንፊቱ የደቀቀ ይሁን፤ ውኃው በኃይል ሲወርድ የተዘራውን ዘር ያጥበዋል። ብዙ ሰው የውኃ ጎማ መስጠት ይወዳል፤ ነገር ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅልሎ ይተኛል።

ለዚህ ዓይነቱ ሰፈር የሚሻለው አሸንዳና በርሜል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣራው 40 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኘ እንደ ሆነ 400 ሊትር ይወርድበታል፤ የሚፈሰው ፈስሶ፣ የሚረጨውም ተረጭቶ፣ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል መሙላቱ አይቀርም። ነገር ግን ቀድሞ መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ መኮትኮቻ፣ የወይራ እጀታ የገባለት፣ በሥዕል ካማረ የባሕር ማዶ ዕቃ ይልቅ ዕድሜ አለው። የእጀታውን ርዝመት ግን ለሰውየው ቁመት አስለኩት። መኮትኮቻ ካለው ሞረድ ስጡት። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ዝቅ ያለች በርጩማ ከመኮትኮቻ ሁሉ ትበልጣለች፤ ተቀምጦ አረሙን ይነቅላልና።

አሁን ደግሞ ሰው ስጦታ ብሎ ለማምጣት የሚያፍርበትን ነገር እንናገር፤ እርሱም ፍግ ነው። ከብት ካለው ሰው አንድ ሁለት ጆንያ የበሰበሰ ፍግ ገዝቶ፣ አስጭኖ ወዳጁ በር ላይ የሚያወርድ ሰው ይሳቅበት ይሆናል። የጓሮው ባለቤት ግን አይስቅም። ሦስት አራት ወር ተከምሮ የበሰበሰ ፍግ አይሸትም፤ በእጅ ሲይዙት እንደ አፈር ይፈረፈራል፤ የሚጨቀየውን አፈር ያላላል፣ የሚሰነጠቀውንም እርጥበት ያስይዘዋል። ትኩሱን ግን አትስጡ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ እንደ ሰላጣ በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ የነካ እንደ ሆነም በሽታ ያመጣል። የተባይ መርዝም ስጦታ አይደለም። ይልቁንም በለስላሳ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠውን መርዝ ልጆች ወዳሉበት ቤት ይዞ መግባት እጅግ አደገኛ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ? አባቶቻችን ለዚህ ደቦን አበጅተዋል። ሦስት አራት ጎረምሶች አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን ጓሮ ቢቆፍሩ፣ መደቡን ከፍ አድርገው ቢያበጁ፣ የውኃ መውረጃ ቢቀዱ፣ ከሱቅ ሊገዛ የማይችል ነገር ሰጡ ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለን፤ ባለቤቲቱ ቆማ ሳታሳያቸው አረም እንዳይነቅሉ። የካሮት ቡቃያ ለማያውቀው ሰው ሣር ይመስለዋል፤ በአንድ ሰዓት ትጋትም የአንድ ወር ልፋት ተጠራርጎ ይሄዳል። ጓሮው የእርስዋ መሆኑንም አይርሱ፤ «ይህን ነቅለን ያንን ብንተክል ይሻላል» ማለት ስጦታውን ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል።

የቀረው ነገር የስጦታው ጊዜ ነው። ለዘመን መለወጫ የሽንኩርት ዘር መስጠት ተስማሚ ነው፤ በመስከረም በችግኝ መደብ ላይ ተዘርቶ፣ ሰባት ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይዛወርና በየካቲትና በመጋቢት ይደርሳል። ለገና የውኃ ማጠጫውንና፣ በመደቡ ላይ ተጎዝጉዞ እርጥበት የሚያቆይ አንድ ጆንያ ጭድ ውሰዱለት፤ ያን ጊዜ ፀሐዩ የበረታበት ወራት ነው። ለፋሲካ ደግሞ ፍጉንና አሸንዳውን ስጡት፤ አሸንዳውም ግንቦት ሳያልቅ ይሰቀል። ለበርሜሉ ክዳን ማሠራትን አትርሱ፤ ክፍት የሆነ እንደ ሆነ ትንኝ ይራባበታል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢም አፉ ክፍት የሆነ የውኃ በርሜል ሊቀመጥ አይገባውም።