ቤት ለቤት የሚሄደው ሠራተኛ

በሐዋሳ ከተማ ለመንግሥት ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች የተደረገ ንግግር




ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በምንወያይበት ጊዜ አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው የእህሉ ብዛት፣ የጭነት መኪናው፣ የመጋዘኑና የበጀቱ ጉዳይ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ እህል ከሌለ የሚታደል ነገር የለምና። ይሁን እንጂ ዕርዳታው ከመጋዘን ወጥቶ ከችግረኛው እጅ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው በር አንኳኩቶ፣ ገብቶ፣ ጠይቆ የችግረኛውን ስም በመዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ይህ ሰው ከተሳሳተ የኩንታሉ ብዛት ስሕተቱን አያርመውም። እኔም በዚህች ከተማ ድህነትን ለመቀነስ በተቋቋመ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ሥራዬን የጀመርሁት በመዝጋቢነት ስለሆነ፣ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ሠራተኛ ይሆናል።

ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓመታት ከሐይቁ ዳር የተቆረቆረች፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች ከተማ ናት። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሐይቁን፣ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያና የታቦርን ተራራ አይቶ ሲመለስ ድህነት የበረታባት ከተማ አትመስለውም። ድህነቱ ያለው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከግቢዎቹም በስተ ኋላ ነው።

ወደ ከተማዪቱ ከሚገቡት ችግረኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። የዚህም አንዱ ምክንያት በእንሰት ላይ የተመሠረተው ኑሮ በድርቅ የሚደርስበት ጉዳት ነው። እንሰት ከእህል ይልቅ ድርቅን የሚቋቋም በመሆኑ ለደቡብ ገበሬ የክፉ ቀን መጠባበቂያው ነው፤ ነገር ግን ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈልጋል። በቆሎው ደጋግሞ ሲጠፋ ቤተሰቡ ያልደረሰውን እንሰት እየነቀለ ይበላል። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ጓዳው ግን ባዶ ነው። በ1992 እና በ1995 ዓ.ም. በደቡብ የአገራችን ክፍል የደረሰው ችግር «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው። እንደ ቦሪቻ ካሉ ለድርቅ ከተጋለጡ ወረዳዎች የሚነሣ ሰው መጠባበቂያውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ የሚቀርበው ከተማ ሐዋሳ ነው።

ከዚህም ሌላ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች በርካታ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጥተዋል። ደመወዛቸው ለቤት ኪራይ ስለማይበቃ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆነው ይከራያሉ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል ውጭ ስትሆን ብዙዎቹ ከሥራ ተሰናብተዋል። እነዚህም በማንኛውም የችግረኞች መዝገብ ላይ በቀላሉ አይገኙም፤ መሬት የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ ዕድርም አልገቡም።

ክቡራንና ክቡራት፣

የመዝጋቢው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማስረዳት ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በጀማሪነቴ ዘመን የተሰጠኝ ቅጽ ስለ ቤቱ ጣሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ሣር ከሆነ ደሃ፣ ቆርቆሮ ከሆነ የተሻለ ኑሮ ያለው ተብሎ ይታሰባል። በታቦር ክፍለ ከተማ አንድ ግቢ ገብቼ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት አገኘሁ። ጣሪያውን ቀና ብዬ አይቼ «ቆርቆሮ» ብዬ ጻፍሁ። ስማቸውም ከዝርዝሩ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው በር ሳልፍ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ያን ቀን ወደ ላይ አየህ እንጂ ወደ ውስጥ አላየህም፤ ቆርቆሮው እኮ የአከራዬ ነው» አሉኝ። በእርግጥም የሚኖሩት ከግቢው ኋላ በተጠጋች አንዲት ክፍል በኪራይ ነበር። ቅጹን የሞላሁት በትክክል ነበር፤ የጻፍሁት ግን እውነቱን አልነበረም። እነዚያ ሕፃናት በዚያ ስሕተት ምክንያት አንድ ዙር ዕርዳታ አልፏቸዋል።

ይህን የመሰለው ስሕተት በቅጽ ብቻ አይታረምም። የሚታረመው ደጋግሞ በሚሄድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ችግረኛው የሚናገረው ያሰበውን ሳይሆን ይጠቅመኛል ያለውን ነው፤ አንዳንዱ ያለውን ይደብቃል፣ ሌላው በክብሩ ምክንያት ማጣቱን ይደብቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉብኝት ሠራተኛው ምድጃው እሳት እንዳየና እንዳላየ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ለምን እንደቀረ፣ ጎረቤት ማንን እንደሚረዳ ይረዳል። ሲዳምኛ ለሚናገረው በሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ለሚናገረው በወላይትኛ መስማት መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ረሃቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ሌላ ነውና።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ድርቅ በተባባሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኖችና የዕርዳታ ድርጅቶች ጥረታቸውን ለማስተባበር የክርስቲያን ዕርዳታና ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ረሃብ የጎዳቸውን ወገኖች አዩ፤ ሲመለሱም ሁለት ሕፃናትን ወደ ቤታቸው ይዘው መጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ያስተዳደሩት ድርጅት መነሻ ይኸው ነው። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ በ1986 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት ሜሪ ጆይም ሥራውን እስከዚህች እስከ ሐዋሳ አድርሷል። የሁለቱም ሴቶች ሥራ የተነሣው ችግረኛውን በዓይን ከማየት ነው።

ሆኖም የመሥራቾቹ ስም ሲጠራ ከእነርሱ በስተ ኋላ የቆሙት ሠራተኞች እንዳይረሱ አሳስባለሁ። በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ መዝጋቢው፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ግምጃ ቤት ጠባቂውና የዘበኛው ሥራ የተያያዘ ነው። በማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ችግረኛውን የሚቀበለው ዘበኛው ነው፤ በቁጣ ከመለሰው ያ ሰው ዳግመኛ አይመጣም። እነዚህ ሠራተኞች ራሳቸውም ባለጸጎች አይደሉም፤ የሚያገለግሏቸው ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር በኪራይ ይኖራሉ። «ዘመድህን ጻፍህ» ተብለው ይታማሉ፤ ስሙ ያልወጣለት ሰው በመንገድ ላይ ይቆጣቸዋል። ዶሮ ይዞ በማታ የሚመጣም አይጠፋም። ስለዚህ ሠራተኛው መልካም ሰው ነው ብዬ ብቻ አላልፍም፤ ለስሕተትም ለአድልዎም የተጋለጠ ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በተፈናቀለ ጊዜ በመጠለያዎቹ ትልቁ ችግር ከእህሉ ማነስ በተጨማሪ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ የሚለው ነበር።

የዝርዝር ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ከሠፈራው ታሪክ መማር እንችላለን። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ሥራው በጥድፊያና በኮታ ስለተካሄደ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ፣ ከትዳር ጓደኛቸውና ከልጆቻቸው የተለያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በደረሱበትም ወባና ሌላ በሽታ ብዙዎችን ገድሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማሥፈር የታቀደው ፕሮግራም በፈቃደኝነት እንዲሆን የተደነገገው ያን በማሰብ ነበር። በሩቅ ቢሮ የተወሰነ ቁጥር ሲወርድ፣ ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል ሰው ይጻፋል። ቤተሰቡን የሚያውቅ መዝጋቢ ግን ማን ታሞ እንደተኛ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ስለሚያውቅ ቁጥሩን ለመሙላት ይቸገራል። እንዲህ ያለው መዝጋቢ መቸገሩ ለሕዝቡ ደኅንነት ነው።

በከተማችንም የተሻለ አሠራር ታይቷል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። ተጠቃሚዎች የሚለዩት በአካባቢው የድህነት መጠን፣ በነዋሪዎች ኮሚቴና በቤተሰብ መጠይቅ ጭምር ሲሆን፣ ቅሬታ ያለውም አቤት የሚልበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር። በሲዳማ ባህልም «አፊኒ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከመወሰን በፊት «ሰምታችኋል ወይ?» ተብሎ ጉዳዩ በሰው ሁሉ ፊት ይመከርበታል። ዝርዝር በጎረቤት ፊት ሲነበብ ዝም ብሎ የሚያልፍ ውሸት ጥቂት ነው።

የተከበራችሁ ተካፋዮች፣

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው፦ ይህን ዕውቀት የተሸከመው ሠራተኛ የሚቀጠረው ለአንድና ለሁለት ዓመት ፕሮጀክት ነው። ቤተሰቦቹን አውቆ፣ እነርሱም አምነውት ሥራው ፍሬ ሊሰጥ ሲል ፕሮጀክቱ ያልቃል። አዲስ ፕሮጀክት ሲመጣ አዲስ መዝጋቢ አዲስ ቅጽ ይዞ ያንኑ በር ያንኳኳል። ችግረኛው ደግሞ ስንት ጊዜ ስሙን እንዳጻፈ ይቆጥራል። በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን ሲያግድ፣ ከዚያም ዩኤስኤይድ በሰኔ ወር መጨረሻ ሲዘጋ በአገራችን ብዙ ሠራተኞች በአጭር ማስጠንቀቂያ ተሰናብተዋል። የቀሩት መዛግብት በካዝና አሉ፤ መዛግብቱን ማንበብ የሚችሉት ሰዎች ግን ሥራ ፍለጋ ሄደዋል።

በዚህ ላይ የሕጉን ጉዳይ ማንሣት ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ ማስፈጸሚያው መመሪያ በመስክ የሚውሉ ሠራተኞችን ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ያስቆጥር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ገደቡን ወደ መቶ 20 ቢያወርደውም፣ የአስተዳደር ወጪ ማለት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ መሆኑን ለይቶ አስቀምጧል። ሕጉ ተሻሽሏል፤ ልማዳችን ግን ገና አልተሻሻለም። ዛሬም በበጀት ውይይት ላይ የመዝጋቢው ደመወዝ ከእህሉ ላይ እንደተቀነሰ ሆኖ ይታያል። እውነቱ ግን እህሉን ለትክክለኛው ሰው የሚያደርሰው ያው ደመወዝ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ክፍለ ከተማ የሚሠሩ ድርጅቶች በየፕሮጀክቱ መዝጋቢ ከሚቀጥሩ ይልቅ ወጪውን ተካፍለው ጥቂት ቋሚ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችን ቢያቆዩ፤ ሁለተኛ፣ ለጋሾችና ኃላፊዎች የመስክ ሠራተኛን ደመወዝ የዕርዳታው አካል አድርገው ቢቆጥሩ፤ ሦስተኛ፣ ማንኛውም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በሰፈሩ ሰዎች ፊት ቢነበብና አቤቱታውን የሚሰማው ከመዝጋቢው ሌላ ሰው ቢሆን። ይህ ሦስተኛው ሠራተኛውን ከሐሜት፣ ችግረኛውንም ከአድልዎ ይጠብቃል።

እነዚያ የታቦሯ እናት በኋላ ተመዝግበዋል፤ ያለፋቸውን ዙር ግን ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ በዚያው ሰፈር ለመቆየት ዕድል ባላገኝ ኖሮ ስሕተቴን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም መዝጋቢ ጣሪያውን አይቶ «ቆርቆሮ» ብሎ በጻፈ ነበር።