ባለ ከፍተኛ ኃይል የአልትራሶኒክ ትራንስዱሰርን በማይክሮኮንትሮለር ስለ ማንቀሳቀስ



የዛሬው ርእሳችን በአልትራሶኒክ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ያተኩራል። ይህ ገንዳ የቀዶ ሕክምና መሣሪያን፣ የናፍጣ ሞተር ኖዝልን፣ የወርቅ አንጥረኛንም ሥራ ያጸዳል። ሲበላሽ፣ ኃይል የሚመግበው ሰርኪት ተቃጥሎ ከገንዳው ሥር የተጣበቀው ትራንስዱሰር ግን ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሰርኪቱን እዚሁ አሶሳ ለመሥራት መቻላችን፣ ዕቃው መጋዘን እንዲቀር ወይም ወደ አገልግሎት እንዲመለስ ይወስናል።

የሙያው መሠረት የቆየ ነው። ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፖል ላንዠቫን ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት ኳርትዝን በብረት ሳህኖች መካከል አስገብቶ በውሃ ውስጥ የሚጓዝ ድምፅ አመነጨ። የዛሬው ትራንስዱሰር የዚያ ዝርያ ነው፤ በኳርትዙ ቦታ ሴራሚክ ገብቷል።

ወደ ሰርኪቱ እንምጣ። የ220 ቮልቱ ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ማይክሮኮንትሮለሩ ይህን ኃይል ራሱ አይሸከምም፤ ሁለት ትራንዚስተሮች በተራ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያዛል እንጂ። ሁለቱ ለቅጽበት እንኳ አብረው ከተከፈቱ ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚዘጉበት አጭር ፋታ በመካከል ይኑር። ትራንስዱሰሩም እንደ ካፓሲተር ጠባይ ስላለው፣ በእያንዳንዱ መቀያየር የሚፈጠረውን የከረንት ምት የሚገታ ኢንዳክተር በተከታታይ ይገናኛል።

ዋናው ችግር ግን ፍሪኩዌንሲው ነው። በ16 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ማይክሮኮንትሮለር 40 ኪሎ ኸርዝ ለማውጣት እያንዳንዱን ዑደት 400 ጊዜ ይቆጥራል። ቆጠራው በአንድ ቢለወጥ ፍሪኩዌንሲው በ100 ኸርዝ ገደማ ይዘላል። ትራንስዱሰሩ በኃይል የሚርገበገብበት ክልል ደግሞ ጠባብ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ፣ ሲጎድል ወይም ዕቃ ሲገባበት ክልሉ ይንሸራተታል። እንግዲህ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቁጥር ጽፎ መተው አይበቃም። ከረንቱ ከቮልቴጁ ጋር እኩል መራመዱን እየለካ ቆጠራውን የሚያስተካክል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ማይክሮኮንትሮለሩ ከማዘዝ ይልቅ ማዳመጡ ይበልጣል።

ቦታውም ይናገራል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። በውሃው ውስጥ እድፍ የሚያስለቅቁት ጥቃቅን አረፋዎች እዚህ በቀላሉ ይፈጠራሉ፤ ሲፈርሱ ግን ጉልበታቸው ይቀንሳል። የፋብሪካው መመሪያ የሚሰጠውን የማጠቢያ ጊዜ እንዳለ ከመቀበል በፊት ቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል ገንዳው ውስጥ ነክራችሁ ፈትኑ። የተበሳሳበት ቦታ ኃይሉ የት እንደሚደርስ፣ ያልተነካው ደግሞ የት እንደማይደርስ ያሳያችኋል።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ፦ መስመሩ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዙ ይችላሉ። በሬዚስተር አስወጥታችሁና ለክታችሁ ካላረጋገጣችሁ በቀር እጃችሁን አታስገቡ። ጠግኖ ማዳን የምንፈልገው መሣሪያውን ነው፤ ጠጋኙ ግን ይቀድማል።