አፍንጫን ስለ መቀነስ፤ ስለትና መርፌ የሚችሉትና የማይችሉት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1898 አንድ የ28 ዓመት ባለርስት በርሊን ከተማ ይሠራ ከነበረው ከዶክተር ዣክ ዮሴፍ ዘንድ ቀረበ። አፍንጫው እጅግ ግዙፍ ከመሆኑ የተነሣ በሄደበት ሁሉ ሰው ስለሚያፈጥበት ከማኅበራዊ ኑሮ ርቆ በትካዜ ይኖር ነበር። ሐኪሙ ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ልጅ ወደ ውጭ የተዘረጉ ጆሮዎች በቀዶ ሕክምና እንዳስተካከለ ሰምቶ ኖሮ፣ አፍንጫውንም ሊቀንስለት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። ያ የጆሮ ሕክምና ዮሴፍን ሥራውን አሳጥቶት ነበር፤ ለመልክ ሲባል ጤነኛ አካልን መቁረጥ በዘመኑ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ሆኖም የሰውየውን ጥያቄ ተቀበለ። ውጤቱን ለበርሊን የሕክምና ማኅበር ሲያቀርብም ስለ አቆራረጡ ብቻ አልተናገረም፤ የሰውየው ትካዜ እንደ ለቀቀው፣ በሰው መካከል ማንም ልብ ሳይለው ማለፍ በመቻሉም ደስ እንዳለው ጨምሮ አስረዳ።

ይህን የመጀመሪያው የአፍንጫ መቀነስ ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ፣ በሮቸስተር ከተማ፣ ጆን ኦርላንዶ ሮ የተባለ የጉሮሮ ሐኪም የጎራዳን አፍንጫ ጫፍ በውስጥ በኩል ብቻ ገብቶ፣ ፊት ላይ ጠባሳ ሳይተው መቀነስ እንደሚቻል በ1887 ጽፎ ነበር። የኒው ዮርኩ ሮበርት ዌርም በ1892 የአፍንጫ ክንፎችን ከሥራቸው ጥቂት ቆርጦ ማጥበብን አስተምሯል፤ ያ አቆራረጥ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ዮሴፍ ግን ሥራውን ሥርዓት አስይዞ ለትውልድ ያስተላለፈ መምህር ነው።

ባለርስቱ የጠየቀውን ጥያቄ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬው ጠያቂ አብዛኛውን ጊዜ «ያለ ቀዶ ሕክምናስ አይሆንም?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ያስከትላል። ሐኪሙ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በገበያው ላይ «ያለ ስለት አፍንጫ መቀነሻ» ተብሎ የሚቀርበው ነገር ሁሉ ስሙን የማይመስል ነው።

በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና በአመዛኙ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ዝልግልግ መሙያ ነው። መሙያ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በአፍንጫው ጀርባ ላይ ጉብታ ያለበት ሰው ከጉብታው በላይና በታች ያለው ጎድጓዳ ሲሞላለት፣ ጉብታው ከዙሪያው ጋር ስለሚስተካከል ጎን ለጎን ሲታይ ቀጥ ያለ መስሎ ይታያል። ቀጥ ያለ አፍንጫ ደግሞ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። በመለኪያ ቢለካ ግን ከቀድሞው ይበልጣል። ይህ የዓይን ማታለል ለአንዳንድ ሰው በቂ ሊሆን ይችላል፤ የሚቆየውም ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። ሰፊ ወይም ወፍራም አፍንጫ ላለው ሰው ግን ምንም አይፈይድለትም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ በሆነ ነበር። የአፍንጫ ጀርባ ደም ቅዳዎች ግን ከዓይን ደም ቅዳ ጋር የተያያዙ ናቸው። መርፌው ሳይታወቅ ከደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ መሙያው በግፊት ወደ ኋላ ከተገፋ፣ እስከ ዓይን ደርሶ የሬቲናን ደም ሊዘጋ ይችላል። ሬቲና ያለ ደም የሚታገሠው ለደቂቃዎች፣ ቢበዛ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በመሙያ መርፌ ምክንያት በዓይን ላይ የደረሱ 98 ጉዳቶችን ከዓለም ሕክምና ጽሑፎች ሰብስቦ ሲመረምር፣ ሩብ ያህሉ በአፍንጫ ላይ በተወጋ መርፌ የመጣ ሆኖ አገኘው። ከአፍንጫ የባሰው በቅንድቦች መካከል ያለው ሥፍራ ብቻ ነበር። ጉዳቱ የሚደርሰው ከስንት አንድ ነው። መሙያውን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒትም አለ፤ ቆዳው መገርጣትና መጥቆር ሲጀምር ፈጥኖ ከተሰጠ ቆዳውን ያድናል፤ የጠፋ የዓይን ብርሃንን ግን መመለሱ እምብዛም ነው። ስለቱን ፈርቶ መርፌውን የመረጠ ሰው ይህን አስቀድሞ ካልሰማ፣ መረጠ ሊባል አይችልም።

ለነገሩ መርፌ በአፍንጫ ላይ አዲስ አይደለም። ቪየና ላይ ሮበርት ገርዙኒ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቫዝሊንና ፓራፊን ከቆዳ ሥር መውጋት ከጀመረ በኋላ የጎደጎደ አፍንጫ በፓራፊን መሙላት በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ ነበር። ፓራፊኑ በዓመታት ውስጥ እየተንሸራተተ፣ እየጠጠረና እየቆሰለ ብዙ ፊት አበላሽቶ ተተወ። ያኔም ይወደስ የነበረው ቀላልና ፈጣን በመሆኑ ነበር።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቦቱሊነም በሚስቁበት ጊዜ ጫፉን ወደ ታች የሚስበውን ጡንቻ ለጥቂት ወራት ያዝለዋል፤ ከዚያ አያልፍም። ቅባት፣ መቆንጠጫና እሽት አጥንትም ሆነ ልም አጥንት አይቀንሱም። ሮዛሲያ በተባለው የቆዳ ሕመም ምክንያት ቆዳው ራሱ ያበጠና የተጎባበጠ አፍንጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ትርፉን ቆዳ በስለት ወይም በሌዘር ላጥ ማድረግ እውነተኛ መቀነስ ነው።

እንግዲህ መጠንን በእውነት የሚቀንሰው ስለት ነው ማለት ነው። ስለቱም ቢሆን የሚቀንሰው አጥንቱንና ልም አጥንቱን ነው። ሐኪሙ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ወይም በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ዓምድ ላይ ትንሽ ቀዶ ይገባል፤ ጉብታውን ይሞርዳል፣ አጥንቱን ከሁለት ወገን ሰብሮ ያቀራርባል፣ የጫፉን ልም አጥንት ያሳንሳል፣ ካስፈለገም ክንፎቹን ያጠባል። ቆዳውን ግን ልክ እንደ ልብስ ሰፍቶ ሊያጠብበው አይችልም። ቆዳው በራሱ ጊዜ በአዲሱ አጽም ላይ መሸብሸብ አለበት። ስስ ቆዳ ይህን ያደርጋል፤ ወፍራምና ቅባታም ቆዳ ግን እምቢ ይላል። አጽሙ ከመጠን በላይ ከተቀነሰበት ከሥሩ ባዶ ሥፍራ ይቀራል፤ ያም በጠባሳ ይሞላና አፍንጫው እንደ በቀቀን መንቁር ይቆለመማል። በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ብዙ የቆረጠ ሐኪም ከቀድሞው የባሰ ቅርጽ ያወጣል። አብዛኛው እብጠት በሳምንታት ቢጎድልም፣ የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በወፍራም ቆዳ ላይም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ ድጋሚ ቀዶ የሚጠይቀውን ታካሚ ማስታገሥ ከሙያው ክፍል አንዱ ነው።

ከቅርጹ የሚብሰው የትንፋሽ ነገር ነው። ጤናማ ሰው በአፍንጫው ሲተነፍስ አየሩ ከሚገጥመው ተቃውሞ ግማሽ የሚያህለው ወይም የሚበልጠው የሚገኘው በአፍንጫ ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚጠበው ሥፍራ የአፍንጫ አካፋዩ ግድግዳ ከላይኛው ልም አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቫልቭ ነው፤ በአውሮፓውያን አፍንጫ ላይ ማዕዘኑ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ጥቂት ማጥበብ ብዙ አየር ይከለክላል። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ጉብታውን እንደ ጣራ ቆርጠው ሲያነሡ፣ የላይኞቹ ልም አጥንቶች ከግድግዳው ተላቀው ወደ ውስጥ ይወድቁ ነበር። ታካሚው በመስታወት ፊት ደስ ብሎት ሌሊት በአፉ እየተነፈሰ ያድር ነበር። አሜሪካዊው ጃክ ሺን በ1984 በግድግዳውና በልም አጥንቱ መካከል ሰበዝ የመሰለ ቁራጭ ማስገባትን ካስተማረ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ዛሬ ብዙዎች ጣራውን ከመቁረጥ ይልቅ ከሥር ጥቂት አንሥተው መላውን ጀርባ ዝቅ ማድረግን ይመርጣሉ። ግድግዳውንም ቢሆን ከላይና ከፊት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ሳይተው የቆረጠ ሐኪም ምሰሶውን ከቤቱ ሥር ነቅሏል።

ታካሚው ወደ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት ፍርዱን የሰጠው ብዙ ጊዜ በእጅ ስልኩ ምስል ላይ ተመሥርቶ ነው። በ2018 የታተመ አንድ ስሌት እንዳሳየው ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ የፊት ምስል፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ስለዚህ ከምርመራው አስቀድሞ በትክክለኛ ርቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ከታካሚው ጋር አብሮ መመልከት ብዙ ክርክር ያስቀራል። ከዚያም በኋላ፣ ሌላ ሰው ለማየት በሚቸገርበት ጉድለት ቀኑን ሙሉ የሚሠቃይ፣ መስታወት ፊት ሰዓታት የሚያጠፋ ሰው ሲያጋጥም፣ ሕመሙ ከአፍንጫው ላይ ስለማይገኝ ስለቱ አያድነውም፤ ወደ አእምሮ ሐኪም መላክ ያስፈልገዋል።

የመለኪያውም ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የአፍንጫ ስፋት በሁለቱ ዓይኖች ውስጠኛ ማዕዘኖች መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለው ደንብ የመጣው ከአውሮፓ ሠዓልያን ነው። በአፍሪካውያን ፊት ላይ ሲለካ በብዙዎች ዘንድ አይገጥምም። ይህን ደንብ እንደ ሕግ የያዘ ሐኪም ምንም ያልጎደለውን የኢትዮጵያዊ አፍንጫ ክንፍ ለመቁረጥ ይገደዳል። አማርኛው ራሱም ከአድልዎ የጸዳ አይደለም፤ «ሰልካካ» ሲሞገስ «ጎራዳ»ና «ደፍጣጣ» መሳለቂያ ይሆናሉ፤ በልጅነት የተለጠፈ ቅጽል ስምም እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ይከተላል። ክንፍ ከመጠን በላይ ከተቆረጠ በኋላ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ቀዳዳው ይጠብባል፣ ጠባሳውም በግልጽ ይታያል። ጥቂት ሚሊ ሜትር መተው ይሻላል፤ የተረፈውን በሌላ ቀን መቁረጥ ይቻላልና።

ከመጠን በላይ የተቀነሰ አፍንጫ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ ታካሚ የሚደረግለት ሕክምና መጨመር ነው። ከግድግዳው የተረፈ ልም አጥንት ካልተገኘ ከጆሮው፣ ያም ካልበቃ ከጎድን አጥንቱ ይወሰዳል፤ በደረቱም ላይ አዲስ ጠባሳ ይቀራል። ሥራው ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ቆዳውም በጠባሳ የተያዘ ስለሆነ እንደ ልብ አይታዘዝም። ትንፋሹ ተመልሶለት፣ መልኩ ግን ከመጀመሪያው ቀዶ በፊት ወደ ነበረበት ተቃርቦ የሚሄድ ታካሚ ጥቂት አይደለም።