እንዶድና ሽምግልና
ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በኢዮቤልዩ በዓል ያለፉት ዓመታት ይቈጠራሉ፤ ደብርን ያገለገሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ይመሰገናሉ። ነገር ግን ሽማግሌን ማክበር ወንበር በመልቀቅ ብቻ አይፈጸምም። ሽማግሌው መቋሚያውን ይዞ ማኅሌት እንዲቆም፥ አሮጊቷም በእግሯ ሄዳ ኪዳን እንድታደርስ ጤና ያስፈልጋልና፥ ለጤናቸው ማሰብ የማክበር ዋና ክፍል ነው። ይህም ጤና አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው ገና በልጅነት ነው። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው የኢትዮጵያዊው ሊቅ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀብለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ሐሳባቸውን ቢልሃርዝያ በሚባለው ደዌ ላይ አሳረፉ።

የዚህ ደዌ ጠባይ ስውር ነው። የትሉ ዕንቍላል ከበሽተኛ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ከዕንቍላሉ የሚወጣው እጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚዋኘውን ልጅ፥ የሚያጥበውንም ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ በደም ሥር ውስጥ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። የሚጥላቸውም ዕንቍላሎች በጉበት እየተከማቹ ያቈስሉታል፤ ቍስሉም ጠባሳ ይሆናል። በጠባሳው ምክንያት የደሙ መንገድ ሲጠብ ጣፊያ ያብጣል፥ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፥ አንዳንዱም ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል። በልጅነት የተዋኙበት ወንዝ ከብዙ ዘመን በኋላ ዕዳውን ይጠይቃል ማለት ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ የተባለው ምሳሌ ለዚህ ደዌ እጅግ ይስማማል።

በ1964 አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዞች ቀንድ አውጣ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አገኙ። ከአጣቢዎቹም አንዷ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጦች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታደርግ ለመኑ፤ ቀንድ አውጦቹም ወዲያው ተኰማትረው ሞቱ። እናቶች ነጠላና ጋቢ ሲያነጹበት የኖሩት ፍሬ ሌላ ምሥጢር ነበረው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር፥ የእንዶድ ሰሙ የልብስ ንጽሕና፥ ወርቁ የውኃ ንጽሕና ሆኖ ተገኘ። ሊቁም ምሥጢሩን ያገኙት የአጣቢዎችን ሥራ ሳይንቁ ስለ ተመለከቱ ነው።

ከዚህ በኋላ በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ 5 ዓመት የቆየ ፈተና ተደረገ። እንዶድ በወንዞቹ በተጨመረባቸው በነዚህ ዓመታት፥ ከሕፃናቱ መካከል ደዌው ያለባቸው ከ100 ወደ 50 ገደማ የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። በታላላቆቹ ዘንድ ግን የታየው ቅናሽ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ውኃው ቢነጻም አስቀድሞ በደም ሥራቸው የገባው ትል አብሯቸው ይኖር ነበርና። ስለዚህ ለሽምግልና የሚደረግ ጥበቃ ከሽበት በፊት መጀመር አለበት።

ሥራው ግን በቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። በውጭ አገር ያሉ ብዙዎች የእንዶድን ነገር ለረጅም ዓመታት በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ተጨማሪ ምርመራም ጠየቁ። አክሊሉ ለማና የሥራ ጓደኛቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ግን አልታከቱም፤ ዶክተር ለገሠም ከብዙ የእንዶድ ዘሮች መካከል የሚሻለውን መርጠው በማልማት ደከሙ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ። አክሊሉ ለማ የሌላውን ሽምግልና ለመጠበቅ ሲደክሙ፥ ለራሳቸው ሽምግልናን ሳይጠግቡ በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ነገር ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ባስተማሩበት በዚህ ባሕር ዳር፥ ልጆች ይዋኛሉ፥ ልብስም ይታጠባል። በ2015 የታተመ ጥናት በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ዘንድ ቢልሃርዝያ መገኘቱን ገልጧል። ዛሬ ለደዌው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ፥ ደዌው በበዛበት አገር መድኃኒቱ ከ2 ዓመት ሕፃን ጀምሮ ለአዋቂዎችም ጭምር እንዲሰጥ መክሯል።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። በውኃው ዳርቻ አይጸዳዱ፤ መጸዳጃ ጕድጓድ ይቈፈር። ልጆችና የቆሎ ተማሪዎች ከሐይቁና ከወንዙ እንዳይዋኙ ይመከሩ፤ መድኃኒቱ በታደለም ጊዜ ሳያመነቱ ይዋጡ። ሆዱ ያበጠ ወይም ደም ያስታወከ ሽማግሌ ቢኖር፥ «እርጅና ነው» ተብሎ በቤት አይተው፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እንዶድንም ማንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ሐይቁ አይጣል፤ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ፍሬ ዓሣንም ይገድላልና፥ የዓሣ አጥማጁን እንጀራ ይነካል።

ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውኃ የፈወሰው በአዲስ ማሰሮ በቀረበ ጨው ነበር። እግዚአብሔር በትንሹ ነገር ታላቁን ይሠራል፤ ትንሹን ነገር ማቅረብ ግን የሰው ድርሻ ነው። ዛሬ ከበሮ የሚሸከሙ ሕፃናት በሚመጣው ኢዮቤልዩ መቋሚያ ይዘው እንዲቆሙ፥ አምላከ ቅዱስ እስጢፋኖስ ይርዳን። አሜን።