የትኛውን ሐይቅ እንይ?



ባለፈው ሳምንት ንባብ ጨርሰን ስንነሣ አንድ ጥያቄ አቀረባችሁልኝ። «መኸሩ ከገባ በኋላ በጥር ወር አውቶቡስ ተከራይተን አገር እንይ ብለናል። ሐይቅ አይተን አናውቅም። አራዊትም እንይ፤ ልጆቹም ውሃ ይግቡ። የት እንሂድ?» አላችሁኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «ሐይቅ ሞልቷል» አልኩ። ማታ ሳስበው ግን የችኮላ መልስ ሆኖ አገኘሁት። ገንዘቡ የእህል ገንዘብ ነው። ልጆችም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዛሬ በደንብ እንነጋገር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወረድ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ይገኛል። ስምጥ ሸለቆ ማለት መሬት ተሰንጥቆ የሰመጠበት ረጅም ቆላ ነው። በውስጡ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ ተከታትለው ተኝተዋል። ሁሉም ሐይቅ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሚዋኙበት ነው፣ ሌላው ከዳር ቆመው የሚያዩት ነው።

አራዊት ለማየት ከሆነ ጫሞን የሚያህል የለም። ጫሞ አርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ ነው። ከጎኑ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የሜዳ አህያ በመንጋ ሆኖ ይግጥበታል። በጫሞና በዓባያ መካከል ያለውን ተረተር ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። በጀልባ ሲሄዱ ደግሞ «የአዞ ገበያ» የሚባል ቦታ ይደረሳል። ሻጭም ገዢም የለበትም! አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ተደርድረው የሚተኙበት ዳር ነው። እኔ መጀመሪያ ሳይ የወደቀ ግንድ መስሎኝ እጄን ውሃ ውስጥ እነክር ነበር። ባለ ጀልባው «ወንድሜ፣ እጅህን አውጣ!» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ግንዱ ዓይን አለው።

ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል። ሳር በል ነው ብላችሁ አትናቁት። በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ሕይወቱን ያጣል። እንግዲህ ጫሞ ከሄዳችሁ ልጆች ውሃ አይነኩም ማለት ነው። መንገዱም ሩቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ሐዋሳ ቀረብ ይላል። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ አጥማጆች ሲያራግፉ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ትርፍራፊ ይጠብቃል። ልጆች ይወዱታል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ነገር ግን በሐዋሳም በዝዋይም ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። ይህ ጥገኛ ትል ነው። በሽተኛ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ በትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ የሚታጠበውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዓይን አይታይም። መድኃኒት አለው፤ ግን ለምን ገንዘብ ከፍሎ በሽታ ይገዛል?

ላንጋኖ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ሲባል የሚሰማ ሐይቅ ነው፤ ግን ይህ እርግጠኛ ነገር አይደለም። ለዋና የሚሄዱ ሰዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው። ውሃው እንደ ጠላ ጉሽ ቀላ ያለ ነው፤ ስታዩት ቆሻሻ ይመስላችኋል። ቆሻሻ ግን አይደለም፤ ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ቀርቶበት ነው። ዳሩ አሸዋ ነው። ቢሆንም እኛ ደገኞች ዋና አናውቅም። ልጅ ከጉልበቱ በላይ አይግባ፤ አንድ ትልቅ ሰውም ቆሞ ይጠብቅ። ቆላ ስለሆነ ወባ አለ፤ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ።

ከላንጋኖ ዋናውን መንገድ ሲሻገሩ አብያታና ሻላ አሉ። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው። በዳሩ ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ያቃጥላልና ልጆችን ያዙ። አብያታ ላይ ፍላሚንጎ የሚባሉ እግረ ረጃጅም ሮዝ ወፎች አሉ። ስለ አብያታ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሐይቁ እየሸሸ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይመጣለት የነበረው ውሃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ ቀንሷል። ሶዳ ለማውጣትም ውሃው ተስቧል። የቀረው ጨው ሲበዛበት ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ይብራዎች ዓሣ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። መስኖ መጥፎ ነው አልልም፤ ሽንኩርቱን የምንበላው እኛው ነን። ቢሆንም የዛሬ ልጆች ያዩትን ሐይቅ የእነሱ ልጆች ያዩት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ለዚህም ነው አብያታን አትለፉት የምለው። አውቶቡሱ ግን ከጠንካራው መንገድ አይውረድ፤ ውሃው የሸሸበት መሬት ከላይ ደረቅ ከታች ጭቃ ነውና ይውጠዋል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይኸው ነው፤ ላንጋኖ አንድ ሌሊት ማደር፣ በማግስቱ አብያታና ሻላን ማየት። ጫሞ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑንና የፓርኩን መግቢያ ዋጋ ጠይቁ። የሚሄደውን ሰው ስም ደግሞ እስከ ሰኞ ጽፋችሁ አምጡልኝ። እኔ አልጽፍላችሁም፤ አሁን እኮ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።