ዕድሜ ጠገብ አውቶሞቢል ለዕለት ተዕለት አገልግሎት




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ዕድሜ ጠገብ አውቶሞቢልን ለዘወትር ሥራ ስለ መጠቀም ነው። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለው መኪና ሸራ ለብሶ በቤት የሚቀመጥ፣ በዕረፍት ቀን ብቻ ወጥቶ የሚታይ የጌጥ ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቮልስዋገን ጧት ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቀን ባለቤቱን ከሥራ ቦታው ያውላል፤ ማታ ከመርካቶ ጤፍ ጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የኑሮና የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ይዞ የመቆየቱ ነገር ለብዙ ቤተሰብ ክብደቱ ጨምሯል። መያዙ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ በምን ሁኔታ? የዛሬው ንግግሬ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው።

ምሳሌዬን ሁላችንም ከምናውቀው ከቮልስ እወስዳለሁ። በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈው ይህ መኪና ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1938 ቢመሠረትም፣ በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ መዳረስ የቻለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ብዛት አልፎ ሄደ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ሲሠራ ጠቅላላው ቍጥር ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ይህ ቍጥር ለታሪክ ብቻ የሚጠቀስ አይደለም። መለዋወጫው እስከ ዛሬ የሚገኘው በዚሁ ብዛት ምክንያት ነው። አሮጌ መኪና ለዘወትር አገልግሎት የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለ ዕቃው መገኘት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠራሩ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በውሃ የሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ዳገት ላይ ቶሎ የሚያፈላው ስለዚህ ነው። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ በመሆናቸውም፣ ሁለት የለመዱ ሠራተኞች በአጭር ጊዜ አውርደው ይጠግኑታል።

ይሁን እንጂ ከፍታው ለቮልስም ቢሆን ዋጋ ያስከፍለዋል። አየሩ በመሳሳቱ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ኃይል ሩብ የሚያህለውን ያጣል፤ ይኸውም በ34 የፈረስ ጉልበት የተሠራው 1200 ቮልስ በእኛ ከተማ የሚሠራው በ26 ገደማ ነው። ለባሕር ጠረፍ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቍራል፣ ካንዴላው ይጠለሻል። ቀጭኑ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎች ተነቅለው የሚጣሉ ትርፍ ብረቶች የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት እነርሱ ናቸው። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ነፋስ ሰጪ የሚያሽከረክረውም አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ በሌላ መኪና ቀዩ መብራት ሲበራ እስከ ቤት መድረስ ይቻል ይሆናል፤ በቮልስ ግን ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

የዘወትር አገልግሎት የዘወትር እንክብካቤን ይጠይቃል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የሽቦ ወንፊት እንጂ እንደ ዘመኑ መኪና የዘይት ማጣሪያ የለውም። ስለሆነም ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መለወጥ አለበት። የባልቦላው ክፍተት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ይለካል፤ በኋለኞቹ ሞተሮች ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ባለቤቱ የባልቦላ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ድምፁ ሲጠፋ ይደሰታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ክፍተቱ የጠበበበት ባልቦላ ድምፅ የለውም፤ በሚገባ ስለማይዘጋም ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ አይችልም፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ይጋርድ ስለነበረ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው የዚያ ሲሊንደር ባልቦላ ነው። መሐንዲስ የሆነ ባለቤት ሊፈራ የሚገባው ጩኸቱን ሳይሆን ዝምታውን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንለፍ። አሮጌን መኪና የምንወድ ሰዎች ደካማ ጎኑን ማሳነስ እንወዳለን፤ ባለሞያ ግን እንዲህ ሊያደርግ አይገባውም።

የመጀመሪያው ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት አለው። ከነተሳፋሪው አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሠላሳ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት በአራት ትናንሽ የፍሬን ታምቡሮች ላይ ከተጫነ ፍሬኑ ይደክማል፤ ያረጀና እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይትም ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። መፍትሔው ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቍልቍለቱን መውረድ፣ የፍሬኑንም ዘይት በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ነው።

ሁለተኛው እሳት ነው። ቤንዚን የሚያስተላልፈው ጎማ ከጋለው ሞተርና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ አጠገብ ያልፋል። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያመረተው ኤታኖል በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል በነበረበት ጊዜ እንደታየው ነዳጅ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ለቀድሞው ቤንዚን የተሠራ ጎማ ደግሞ በኤታኖል ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃልም። ከመላው መኪና እጅግ ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ይህ ጎማ ነው፤ መኪናውን በሙሉ አመድ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

ሦስተኛው የማይታይ ነው። ቮልስ በክረምት የሚያሞቀን የጭስ ማውጫውን በከበበው ሣጥን ውስጥ ባለፈ አየር ነው። የጭስ ማውጫው በዝገት ከተበሳ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። የዝገቱ ሁኔታ ካልተመረመረ ማሞቂያውን ዘግቶ ብርዱን መቻል ይሻላል።

አራተኛው የአደጋ ጊዜ መከላከያው ነው። ይህ መኪና በተነደፈበት ዘመን የደኅንነት ቀበቶ አልታሰበም፤ የነዳጅ ታንኩም ከተሳፋሪው ፊት ተቀምጧል። ትከሻንና ወገብን የሚይዝ ቀበቶ በጠንካራ ማሰሪያ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ቢሆንም እንኳ ከአዲስ መኪና ጋር እኩል ያደርገዋል ማለት ራስን ማታለል ነው። ልጆቹን በዚህ መኪና የሚያመላልስ አባት ወይም እናት ይህን አውቆ፣ ፍጥነቱንም መንገዱንም በዚሁ ልክ መወሰን አለበት።

ስለ ጭሱም አንድ ቃል ልጨምር። የጭስ ማጣሪያ የሌለው ሞተር፣ በሚገባ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ፣ ከአዲሱ ይልቅ አየር ይበክላል። ደስታው የባለቤቱ፣ ጭሱ ግን የእግረኛው ነው። ስለዚህ ጥቍር ጭስ የሚያወጣ መኪና ካርቡራተሩ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣውም ዘይት የሚያሳልፈው ክፍል እስኪጠገን ከመንገድ መውጣት ይገባዋል። ቦሎ መለጠፉ ብቻ ከዚህ ኅሊናዊ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

እንግዲህ መያዙ ይገባልን ላልነው መልሴ አዎን ነው፤ ነገር ግን በሁኔታ ላይ የቆመ አዎን ነው። ያለ መኪና ተሠርቶ ያለቀ ብረትና ድካም ነው፤ ሊጠገን እየቻለ መጣሉ ብክነት ነው። የሚጠገነው ግን በፍቅር ብቻ ሳይሆን በመለኪያ ነው። ፍሬኑን፣ የነዳጁን ጎማ፣ የጭስ ማውጫውንና ቀበቶውን በወቅቱ ለመጠበቅ ዐቅም ወይም ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ለመኪናው ያለው ፍቅር ምንም ያህል ቢበዛ፣ ወደ ሕዝብ መንገድ ሊያወጣው አይገባም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ ሁሉ መኪና እስከ ዛሬ የቆመው በጋራዥ ሠራተኞች እጅ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ የሚሉትን የጣሊያን ቃላት አማርኛ ያደረጉ፣ የሞተርን ሕመም በጆሯቸው የሚለዩ አንጋፋ ባለሞያዎች ዕውቀታቸው በአብዛኛው በወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃልና በእጅ የተላለፈ ነው። ወጣቱ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ማዘንበሉ የሚጠበቅና የሚደገፍ ነገር ነው፤ ሆኖም አሮጌዎቹ ከመንገድ ሳይወጡ ጠጋኞቻቸው ቢያልቁ፣ ያልተጠገነ ፍሬን በከተማው መካከል ሲመላለስ እናያለን። ስለዚህ አባሎቻችን ከነዚህ ባለሞያዎች አጠገብ ተቀምጠው፣ ልኩን ከነምክንያቱ፣ ስሙንም እነርሱ በሚጠሩት ቃል እየጻፉ፣ በአማርኛ አንዲት አነስተኛ የጥገና መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና ሥራ የማይንቅ እጅ ነው።